የጋሽ ደገፋ ትሎች

በአክስቴ በሶሲ ሆድ ውስጥ ትል መግባቱን ከቤታችን ሰው ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነበርኩ። ከየት እንደመጣም አውቅ ነበር፤ ከጓሮ ካለችው የኪራይ ክፍል፣ መስኮቷ በጆንያ ከተሸፈነው ከጋሽ ደገፋ ቤት።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። ቤታችን ጂንካ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ጀርባ ነበር። አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ከብት ይግጥበታል፤ ሲመጣ ደግሞ ልጆች ከብቱን እንድናባርር እንላካለን። አባቴ አቶ እውነቱ የማዘጋጃ ቤት ገንዘብ ያዥና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበር። ታናሽ እህቱ ሶሲ ከአሪ ገጠር ለትምህርት መጥታ እኛ ዘንድ አደገች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር ክሊኒክ በጽዳት ተቀጠረች። ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነበር የምትተኛው።

ጋሽ ደገፋ ከዝዋይ የመጣ የግብርና መሥሪያ ቤት የዓሣ ኤክስፐርት ነው። በዚያን ጊዜ ጂንካ ላይ የዓሣ ኤክስፐርት መሆን የበረዶ ኤክስፐርት የመሆን ያህል ነበር። አባቴ “ይሄ ሰውዬ ደመወዝ የሚበላው በማይታይ ነገር ነው” ይል ነበር፤ መጀመሪያ እየሳቀ፣ በኋላ ሳይስቅ።

አለቆቹ አንድ ነገር እንዲያጣራ አዘውት ነበር። ቆሮሶ የሚባለው የወይጦ ወንዝ ዓሣ ጨው ባሕር ሐይቅ ውስጥ መኖር ከቻለ፣ ድርቅ በሆነ ዓመት የአርቦሬ ሰው የሚበላው ያገኛል። ስለዚህ የመስኮት መስታወት ገዝቶ፣ በስቱኮ አያይዞ፣ ከአልጋው ፊት ለፊት እኔን የሚያህል ሳጥን ሠራ። ከአርቦሬ በታች ከሐይቁ ዳር አሸዋ በጆንያ፣ ውኃ በጄሪካን እያደረገ በመሥሪያ ቤቱ ቶዮታ አመጣ። ቆሮሶዎቹን ለቀቀ። ፀሐይ ውኃውን አረንጓዴ እንዳታደርግበት መስኮቱን በጆንያ ጋረደ፤ ልጆች እንዳንሰብርበት በሩን ቆለፈ።

ይህን ሁሉ የማውቀው ዛሬ ነው። ያኔ የማውቀው አንድ ሰው መስኮቱን ሸፍኖ፣ በሩን ቆልፎ፣ ለማንም የማይቀዳው ውኃ እንዳለው ብቻ ነበር።

ጆንያው ቀዳዳ ነበረው። አንድ ከሰዓት በኋላ ዓይኔን ስለጥፍበት መጀመሪያ የታየኝ አሸዋው ነው። ከመስታወቱ ጋር በሚገናኝበት በኩል እንደ ክር የቀጠኑ ጉድጓዶች ተደርድረውበታል፤ ከየጉድጓዱ ደም የመሰለ ቀይ ነገር ብቅ ብሎ ይወዛወዛል። ነፋስ የለ፣ ውኃው አይንቀሳቀስ፣ እነሱ ግን ይወዛወዛሉ። ጭንቅላቴን ነቅነቅ ሳደርግ ጥላዬ አረፈባቸው መሰለኝ፣ ሁሉም በአንዴ ገቡ።

“ግቢ እንጂ፤ ከውጭ ሆነሽ አንገትሽን ከምትሰብሪ” አለኝ ጋሽ ደገፋ ከኋላዬ። ደንግጬ ገባሁ።

“ምንድን ናቸው?”

“ትል ናቸዋ።”

“የምን ትል?”

“ስማቸውን አልነገሩኝም። ጠይቂያቸውና ለእኔም ንገሪኝ።”

“ማን ነው ያመጣቸው?”

“ማንም አልጠራቸውም። በአሸዋው ውስጥ ሆነው በነፃ ተሳፍረው መጡ። ሾፌሩም አላየ፣ እኔም አላየሁ።”

ከዚያ ጣቱን ውኃው ውስጥ ነከረና ላሰው። ዓይኑን ጨፍኖ አጣጣመ። “ዛሬ ደግሞ ብሷል” አለ።

እየሮጥኩ ወጣሁ። ውኃው በሙቀት እየተነነ ጨውነቱ እንደሚጨምር፣ የመለኪያው መሣሪያም ከአዋሳ ይላካል ተብሎ ሳይላክ በመቅረቱ በምላሱ ይለካ እንደነበር ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ቆሮሶዎቹ አንድ በአንድ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው የተገኙት በጨው ነው። እኔ ግን ትሎቹ ከሥር እየመጠጧቸው መስሎኝ ነበር። ዓሣው ሲያልቅ ትሉ በዛ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

ማታውኑ ለእናቴ ነገርኳት።

“ኤክስፐርት ነኝ ይላል፤ ቤቱ ያለውን ትል ስም አያውቅም?” አለች እናቴ።

“ያውቃል። የማይናገረው ስለሚያውቅ ነው” አለ አባቴ።

ሶሲ ድንች ትልጥ ነበር። ቀና አላለችም።

ትሎቹን የማትፈራ እሷ ብቻ ነበረች። ጋሽ ደገፋ ፊልድ ሲወጣ ቁልፉን ለእሷ ይሰጣታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱን ትጠርግለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች። ጠርጋ ስትጨርስ መስታወቱ ፊት ቁጭ ትላለች። “ምን ያደርጉልሻል?” ስላት “ምንም አይጠይቁኝም” አለችኝ። ሰው ምን እንደሚጠይቃት አልገባኝም።

ብዙም ሳይቆይ መታመም ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ከኩሽናው ጀርባ ሄዳ ታስመልሳለች፤ አፏን ታጥባ ምንም እንዳልሆነ ሰው ትመለሳለች። አንድ ቀን ከግድግዳው ላይ ጭቃ በጥፍሯ እየፈረፈረች ስትበላ አገኘኋት።

“ሶሲዬ፣ አፈር ነው እኮ!”

“ሽታው ደስ ይለኛል። ለማንም እንዳትነግሪ” አለችና ከኪሷ ብስኩት አውጥታ ሰጠችኝ።

ትምህርት ቤት አፈር የሚበላ ሰው ሆዱ ትል ይይዛል ተብለናል። ቀይ ትል ያለበትን ቤት ማን እንደሚጠርግ አውቃለሁ። ብስኩቱን በላሁ፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትተኛ ሆዷን ማየት አልተውኩም። በእርግጥም ትንሽ የተነሣ መሰለኝ።

ከትልቅ ሰዎች ሁሉ የማምነው ዶክተር ፋሲልን ነበር። ሶሲ በምትሠራበት ክሊኒክ መርፌ የሚወጋ፣ ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ነው፤ ግን በከተማው ዶክተር ያላለው ሰው የለም፣ እሱም አያርምም። ነጭ ጋዋኑ ላይ እድፍ አይቼ አላውቅም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ቤት ምሳ ይበላል። እጁን ሲታጠብ እያንዳንዱን ጣት ከሥር እስከ ጫፍ ለብቻ ያሻል፤ ውኃ የምታስታጥበው ሶሲ ቆማ ትጠብቀዋለች። ለእኔ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ያመጣልኛል፤ ውኃ እየሞላሁ ዶሮዎቹን እረጭበታለሁ።

በዚያ ዓመት ጊኒዎርም የሚባለውን፣ ከሚጠጣ ውኃ ሰው ውስጥ የሚገባ ትል የማጥፋት ዘመቻ ነበር። ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል ተለጥፎ ነበር፤ ኩሬ ዳር የተቀመጠ ሰው፣ ከእግሩ ነጭ ክር የመሰለ ነገር የሚጎተትለት። ሥዕሉን ያየን ልጆች ሁሉ እግራችንን ስንመረምር እንውል ነበር።

አንድ እሑድ ከምሳ በፊት እናቴ “ዶክተር፣ እስቲ የዚያን ሰውዬ ቤት አንድ ጊዜ እይልን። የምንጠጣው ጉድጓድ ከበሩ ብዙም አይርቅም” አለችው። ጋሽ ደገፋ አርቦሬ ነበር። ሶሲ ቁልፉን አምጥታ ከፈተች። ሁላችንም በሩ ላይ ተሰበሰብን።

ዶክተር ፋሲል አልገባም። ከደጃፉ ሆኖ አንገቱን አስገባ፣ አየ፣ አወጣ። አንድ ሰው ዝናብ መኖር አለመኖሩን የሚያይ ያህል ነው።

“ጊኒዎርም ነው” አለ።

“እርግጠኛ ነህ?” አለ አባቴ።

“ጋሽ እውነቱ፣ ለዚህ እኮ ነው አዋሳ ድረስ ሄጄ ኮርስ የወሰድኩት።”

ሶሲ ሳቀች። አጭር ሳቅ ነው፣ በአፍንጫ የሚወጣ። እናቴ ገላመጠቻት። ዶክተር ፋሲል አላያትም፤ በሩን የነካበትን እጁን ይጠርግ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ መሳቋ አናደደኝ።

ከምሳ በኋላ ሶሲን ወደ ገበያ፣ እኔን ወደ ውጭ ላኩን። እኔ ውጭ አልሄድኩም፤ ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ።

“እዚያ ሰውዬ ቤት ሲገባ ሲወጣ የነበረው ማን ነው?” አለ ዶክተር ፋሲል።

“ሶሲ ናት የምታጸዳለት” አለች እናቴ። ከዚያ “ወይኔ” አለች።

“እኔ እንግዲህ ምን ልበል። ክሊኒክ ሳያት ፊቷ ልክ አይደለም። እናንተም የምታዩትን ታያላችሁ።”

አባቴ ጉልበቱን ሲመታ ተሰማኝ። “በገዛ ግቢዬ” አለ። “ሽማግሌ ነኝ እኮ እኔ።”

“ክሊኒክ ብትመጣ ወሬ ይሆናል፤ ለእሷም ለእናንተም አይበጅም። ኮሶ ስጧት። ጠንከር ያለ ይሁን፤ ጊዜው ሳያልፍ።”

“ኮሶ አንዳንዴ ሰውም ይጎዳል” አለች እናቴ ቀስ ብላ።

“ወጣት ናት፣ ትችላለች።”

ስለ ምን ይነጋገሩ እንደነበር ዛሬ የሚያነብ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከመጋረጃው ጀርባ የቆመችው ልጅ ግን በደስታ ልትፈነዳ ነበር። ኮሶ የትል መድኃኒት ነው። ሶሲ ልትድን ነው።

ከገበያ ስትመለስ በር ላይ ጠበቅኋት። ዕቃ ልታጥብ ስትቀመጥ አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ “ትልሽ ሊወጣልሽ ነው። ኮሶ ልትጠጪ ነው” አልኳት።

እጇ ውኃው ውስጥ ቀጥ አለ። “ማን አለ?”

“ዶክተር።”

“እሱ ራሱ?”

“አዎ። ጠንከር ያለ ይሁን፣ ወጣት ናት ትችላለች አለ።”

ድስቱን ማሸት ጀመረች። ጥቁሩ ከለቀቀ በኋላም ታሸው ነበር። “ደግ ሰው ነው” አለች በመጨረሻ፤ እኔም አዎ አልኩ።

እናቴ ቀይ ኮሶ ከገበያ ገዝታ፣ ፈጭታ፣ ዘፍዝፋ አሳደረች። ጠዋት ሶሲ ምንም ሳትቀምስ ትልቅ የቆርቆሮ ኩባያ ሰጠቻት። ሽታው እኔ ከቆምኩበት ድረስ ይከረፋ ነበር። አባቴ ከመኝታ ቤት አልወጣም።

“ሰው እያየኝ አይወርድልኝም፣ እትዬ። ከጓሮ ሄጄ ልጠጣው” አለች ሶሲ።

እናቴ ፊቷን አዙራ “ሂጂ” አለቻት።

ተከተልኳት። በጋሽ ደገፋ ቁልፍ በሩን ከፍታ ስትገባ በጆንያው ቀዳዳ አየኋት። መስታወቱ ፊት ጀርባዋን ሰጥታኝ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ኩባያውን አጋድማ ኮሶውን አሸዋው ላይ ገለበጠችው። ቡናማው እንደ ጭስ እየተንከባለለ ወረደ፤ ቀዮቹ ክሮች በአንዴ ጠፉ። ስትወጣ አፏን በክንዷ ትጠርግ ነበር፤ ፊቷም በእውነት የመረረው ሰው ፊት ነበር።

እናቴ አገጯን ይዛ አፏን አሸተተች። “ጠጣሽው?”

“እስከ አተላው።”

አልተናገርኩም። ማንም ዝም በዪ አላለኝም፤ ነገሩ በራሴ ስለገባኝ ነው። ሶሲ በሽታውን ከሥሩ መትታዋለች። የሆዷ አንድ ትል ቢወጣ መስታወቱ ውስጥ መቶ ይቀራል፤ መድኃኒቱን ለእነሱ ማጠጣቷ ብልህነት ነው። እናቴ ብትሰማ ገንዘቤን ደፋችብኝ ብላ ትቆጣለች ብዬ ፈራሁ። ያ ሁሉ ስሌት ከጫፍ እስከ ጫፍ ስህተት ነበር፤ ዝምታው ግን ሠራ።

ሶሲ ሁለት ቀን ተኝታ አቃሰተች። እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሰው ሊድን ነው ለምን ታለቅሳለች እያልኩ እገረም ነበር። ከመጋረጃው በኩል አባቴ “ወጣ?” ሲል ይሰማኛል። እናቴ የሶሲን ብርድ ልብስ አስተካከለች። ከዚያ “ወጣ” አለችው። ከሶሲ አልጋ የወጣ ምንም ነገር አልነበረም፤ እኔ እዚያው ነበርኩ። እናቴ ለምን እንደዋሸች ዛሬም አትነግረኝም።

በሳምንቱ በጆንያው ቀዳዳ ሳይ አሸዋው ባዶ ነበር። ጉድጓዶቹ አሉ፣ ቀዮቹ የሉም። ጆንያው ላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ አልጋው ላይ ግን ወባ ትንኝ የመሰሉ ደቃቅ ነገሮች ተለጥፈዋል። ሮጬ “እማዬ፣ ትሎቹ ሞተው ትንኝ መጣ” አልኳት። “እሱ የማያመጣው ምን አለ” አለችኝ።

ጋሽ ደገፋ ከአርቦሬ የመጣው በማግስቱ ነው፤ ጫማው አቧራ እንደያዘ፣ ትከሻው ላይ ጄሪካን። አባቴ በሩ ላይ ጠበቀው።

“ዕቃህን አውጣ።”

“ምን አጠፋሁ፣ አቶ እውነቱ?”

“አንተ ታውቃለህ።”

“ትሎቹ ከሆኑ እደፋቸዋለሁ። ዓሣውም አልቋል፤ ለእኔም ሥራዬ አብቅቷል።”

“ስለ ትል አታውራኝ!” አለ አባቴ። ጀርባውን ሰጥቶት ሄደ።

ጋሽ ደገፋ ገባ። እኔ እንደ ልማዴ በሩ ላይ ነበርኩ። ውኃውን አየ፤ እንደ ወትሮው ጣቱን ነከረ፤ ሳይልሰው ግን አሸተተው።

“ኮሶ” አለ። “ማን ነው የጨመረው?”

ዓይኔን ወደ ጆንያው አዞርኩ።

“ቤቴል፣ ኮሶ ለማን ነው የመጣው?”

“ለሶሲ። ትልህ ሆዷ ገብቶ። ዶክተር ነው ያዘዘላት።”

ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። “ክሊኒኩ የትል ክኒን በካርቶን ሞልቶለት ኮሶ ያዝዛል?” አለ። የሚናገረው ለእኔ አልነበረም። አልጋው ላይ ተቀመጠ። “እኔ ላይ ማላከኩ ነዋ” አለ። ሰው በስሙ ምን እንደተሠራበት ሲገባው ፊቱ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያኔ ነው፤ እኔ ግን የተያዘ ሌባ ፊት መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ አባቴ ጸሎት ቤት ሳለ፣ ወደ ቱርሚ የሚሄድ የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆመ። ጋሽ ደገፋ ፍራሹንና ሻንጣውን ጫነ። ሶሲ አንድ ፌስታል ይዛ ከጓሮ መጣች፤ ራሴን ሳመችኝና ጋቢና ገባች። እናቴ ከበሩ አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ቀና አላለችም። መኪናው ሲነሣ ሶሲ ትከሻ ላይ የነበረው ጋቢ የእናቴ እንደሆነ አየሁ።

“ጠልፏት ሄደ” አለ ከተማው። “አላልኳችሁም?” አለ ዶክተር ፋሲል። ዓመቱ ሲያልቅ በእድገት ተዛወረ፤ የሽኝቱ ቀን አባቴ ንግግር አድርጎ ጋቢ አለበሰው። የጋሽ ደገፋ ስም ግን ጂንካ ላይ ለልጅ ማስፈራሪያ ሆኖ ቀረ። እኔም በልጅነቴ ሌሎችን አስፈራርቼበታለሁ።

እኔ አድጌ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ሆንኩ፤ ወባ ቁጥጥር ላይ ነው የምሠራው። አርባ ምንጭ ስልጠና ላይ አስተማሪያችን ሰሃን ውስጥ ቀይ ክር የመሰለ ነገር አምጥቶ አስቀመጠ። ሳየው የጓሯችን ሽታ መጣብኝ።

“ትል ይመስላል፤ ትል ግን አይደለም” አለን። “የማይናከስ ትንኝ እጭ ነው። አየር በሚያጥርበት ጭቃ ውስጥ ስለሚኖር ነው እንደ ደም የቀላው። አንዳንዱ ጨው ይችላል። ጊዜው ሲደርስ ክንፍ አውጥቶ ይሄዳል። በማንም ላይ ምንም አያደርግም።”

ስለዚህ ኮሶው ጥቂቶቹን ገድሎ ይሆናል፤ የቀሩት ግን ጊዜያቸው ደርሶ በረው ነበር። እስከዚህ ድረስ ፈገግ ብዬ ነው የሰማሁት። ፈገግታዬ የጠፋው ምሳ ሰዓት ላይ፣ ኮሪደሩ ላይ ያ የድሮ ሥዕል ተለጥፎ ሳየው ነው። ጊኒዎርም ነጭ ነው። ክንድ ያህል ይረዝማል። የሚኖረው በሰው ሥጋ ውስጥ እንጂ በአሸዋ ጉድጓድ አይደለም። የጥፍር ርዝመት ያለውን ቀይ ነገር ጊኒዎርም ለማለት፣ ኮርስ የወሰደ ሰው መሳሳት አይበቃውም። ለመዋሸት መፈለግ አለበት።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ወይጦ ስወርድ ሶሲ ቤት ገባሁ። ዋናው መንገድ ዳር ሾፌሮች የሚመገቡበት ቤት አላት። ጸጉሯ ሸብቷል፤ ያው በአፍንጫዋ ነው የምትስቀው። ያየሁትንና የተማርኩትን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ትንኙ፣ ስለ ሥዕሉ። “ፋሲል አውቆ ነበር” አልኳት፤ ትልቅ ምስጢር ይዤላት የመጣሁ ያህል።

“ሥዕሉን እዚያ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ እኮ። ጠዋት ጠዋት አቧራውን የምጠርግለትም እኔ” አለች። “በሩ ላይ ቆሞ ጊኒዎርም ሲል ነው ማን እንደሆነ ያወቅሁት። እስከዚያ ድረስ እናት አባትሽን አነጋግሮ ሊያገባኝ የመጣ መስሎኝ ነበር።”

“ጋሽ ደገፋስ?”

“ደገፋ ዝዋይ ሚስትና ልጆች ነበሩት። ቱርሚ የሺሃረግ የምትባል አዋላጅ ዘንድ አደረሰኝና ሄደ። ስምህ ጠፋ ስለው ‘ስሜ ጂንካ ይቅር፤ አንቺ ግን አትቅሪ’ አለኝ። ጡረታ ወጥቷል አሉኝ።”

ልጇ ጸጋአብ የሚነዳውን የጭነት መኪና ከውጭ አቁሞ ገባ፤ ወደ ጂንካ ማሽላ ጭኖ የሚሄድ ነው። ሰላም ብሎኝ እጁን ሊታጠብ ጎንበስ አለ። እያንዳንዱን ጣት ከሥር እስከ ጫፍ ለብቻ አሻ። እኔ እጁን ሳይ ሶሲ እኔን ታይ ነበር። ፎጣውን አቀበለችው። በልቶ፣ ጉንጯን ስሞ ወጣ።

“ያን ቀን ኮሶውን ስትደፊው አይቼሻለሁ” አልኳት ቀስ ብዬ።

“ሁሉን አልደፋሁትም።”

“አይቻለሁ እኮ።”

“አንድ ጉንጭ ውጫለሁ። እናትሽ አፌን እንደምታሸት አውቅ ነበራ።” ጠረጴዛውን በጨርቅ ማበስ ጀመረች፤ ንጹሕ ነበር። “ያቺ አንድ ጉንጭ ጸጋአብን ምን እንዳደረገችው ሳላውቅ እስኪወለድ ድረስ ኖርኩ። ሲንቀሳቀስ እፈራለሁ፣ ዝም ሲል እፈራለሁ። የሺሃረግ ወንድ ነው ስትለኝ አልሰማኋትም። ያለቅሳል ወይ? ነው ያልኳት።”

ከውጭ የጭነት መኪናው ክላክስ ጮኸ፤ አንዴ፣ ደግሞ ረዘም አድርጎ፣ መንገድ ላይ ያለው ፍየል ሁሉ እስኪበተን።

ሶሲ ጨርቁን ጣል አደረገች።

“ይኸው” አለች፣ “እስከ ዛሬ ዝም አላለም።”